ዲቪ ይቀራል ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዲቪ፣ ማለትም የአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ ዕጣ፣ የሚሞላበት ወቅት ሲደርስ ኢንተርኔት ቤቱ ሁሉ በሩ ላይ «ዲቪ ይሞላል» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ወረፋው ላይ የማይጠፋ ወሬም አለ፤ «ዘንድሮ የመጨረሻው ነው፣ ሊያስቀሩት ነው»። ይሄ ወሬ ብዙ ሰው ሲያሳስት አይቻለሁ።

አንደኛው ስህተት «ለኢትዮጵያ የተመደበ ኮታ አለ» ማለት ነው። ድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ለየአገሩ ኮታ ስትቆርጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነው። ያ አሠራር በ1965 ተሻረ። ዲቪን ያመጣው የ1990 ሕግ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይፈቅዳል፤ አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም። ይህ ጣሪያ ነው እንጂ የተቀመጠልን ድርሻ አይደለም።

ሁለተኛው «ፕሬዚዳንቱ ተናገረ፣ በቃ አለቀ» ማለት ነው። ዲቪን ጨርሶ መሻር የሚችለው የአሜሪካ ሕግ አውጪ ኮንግረስ ነው፤ እሱም ሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት አሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴኔቱ ዲቪን አስቀርቶ ነጥብ እየሰጠ በሚመርጥ አሠራር የሚተካ ረቂቅ 68 ለ 32 አጽድቆ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሳያየው ቀረ። «እንግዲያው ምንም አይመጣም» ማለትም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በፕሬዚዳንት አዋጅ ቪዛው ለወራት ቆሟል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ በነጥብ መምረጥ የሚባለው ነው። ዲቪ ውጭ አገር ዘመድ አለህ ወይ፣ ቀጣሪ አለህ ወይ አይልም። በሕጉ 12ኛን ለጨረሰ ልጅ በሩ ክፍት ነው። በትምህርት ደረጃና በእንግሊዝኛ ችሎታ ነጥብ የሚሰጥ ሕግ ከመጣ ግን የማቻክል ወረዳ የገበሬ ልጅ ከወዲሁ ተቀድሟል። ሕጉ ይሻሻል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡልን እላለሁ።

ሦስተኛው አንጀቴን ይበላዋል። «ደረሰኝ» ሲባል ያለ የሌለውን መሸጥ። የሚመረጠው ሰው ከቪዛው ቁጥር በላይ ነው። ተራው እስከ መስከረም 20 ገደማ (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30) ካልደረሰ ዕድሉ አበቃ፤ ለከርሞ አይሻገርም። አማኑኤል አካባቢ የማውቃቸው አንድ አባት ልጃቸው ሲደርሳት ጥማድ በሬያቸውን ሸጡ። የልጅቷ የተራ ቁጥር ትልቅ ነበር፤ ሳትጠራ ዓመቱ አለቀ። በሬ የሸጠ ገበሬ ሰኔ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለጎጃም ሰው አልነግርም። እሳቸው የሰው በሬ ለምነው አረሱ። ቃለ መጠይቁ አልፎ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ ምንም አይሸጥ።

ሌላው ፎርሙ ላይ ነው። ትዳርን ወይም ልጅን መደበቅ ቃለ መጠይቅ ላይ ያስጥላል። ሁለቴ መሙላትም እንዲሁ። የአምናን ፎቶ መልሶ መላክም አይሆንም፤ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሱት መሆን አለበት።

ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን አደራ! ቁጥሩን ይዞ «ደርሶሃል፣ ብር አምጣ» የሚል ደላላ ገጥሞኛል። እዚያው አሳትማችሁ ከልደት ካርዳችሁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።