«ፕላናኦ»ን ስናብራራ የምንሳሳትባቸው

በአዲስ ኪዳን ስለ መሳትና ማሳት ሲነገር በብዛት የሚመጣው የግሪክ ግስ «ፕላናኦ» ነው። ብዙ ሰባኪ «አታለለ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የቃሉ መነሻ ተንኮል ሳይሆን መንገድ ነው፤ ከመንገድ መውጣት፣ መንከራተት። በማቴዎስ 18፥12 ከመቶው አንዱ በግ «ቢባዝን» የሚለው በዚሁ ግስ ነው፤ በጉን ያታለለው ማንም የለም። በዕብራውያን 11፥38 በዋሻና በምድር ጉድጓድ «ተቅበዘበዙ» የተባሉት ደግሞ ዓለም ያልተገባቸው የእምነት ሰዎች ናቸው። እዚህ «ተታለሉ» ቢገባ ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ስህተት ሰዋስው ላይ ነው። በገላትያ 6፥7 «ሜ ፕላናስቴ» የሚለውን «አትታለሉ» ብለው አታላዩን መፈለግ የሚጀምሩ አሉ። ቅርጹ ግን ተደራጊም (ሌላው ያደረገበት) ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ በራሱ ላይ የሚሆነውንም ሊገልጽ ይችላል። የቀድሞው አማርኛ «አትሳቱ» ማለቱ እንዴት ያማረ ነው! «ሳተ» እና «አሳተ» የግሪኩን ልዩነት ቁልጭ አድርገው ይይዙታል። ያው «ፕላናስቴ» በማርቆስ 12፥27 ትእዛዝ አይደለም፤ «እጅግ ትስታላችሁ» ነው። በገላትያ ትእዛዝ መሆኑን የምናውቀው «አት-» በሚለው አፍራሽ ቃል፣ በ«ሜ» ነው፤ የተራው ዐረፍተ ነገር አፍራሽ ቃል «ኡ» ነውና። «የአሁን ጊዜ ትእዛዝ ስለሆነ የጀመራችሁትን ስህተት አቁሙ ማለት ነው» የሚለውም ቋሚ ሕግ አይደለም። ዐውዱ ይወስናል።

«ፕላኔት» ከዚሁ ሥር መውጣቱ እውነት ነው፤ ግሪኮች ከቋሚዎቹ ከዋክብት መካከል ቦታ የሚቀይሩትን ተንከራታች ይሏቸው ነበር። ይሁዳ 13 ላይ ምስሉ በግልጽ አለ። በማቴዎስ 24፥4 «ማንም እንዳያስታችሁ» ሲባል ግን ከዋክብትን መጥራት ስብከት ማሳመሪያ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ከ«አፓታኦ» ጋር መደባለቅ ነው። ይህኛው በእርግጥ ማታለል ነው፤ በግሪኩ ብሉይ፣ ዘፍጥረት 3፥13፣ ሔዋን ስለ እባቡ የተናገረችው በእሱ ነው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥14 ለአዳም «አፓታኦ»፣ ለሴቲቱ «ኤክሳፓታኦ» ስለተባለ በባዕድ መነሻው፣ ማለትም ከግሱ ፊት በተጨመረው «ኤክስ» ላይ ብቻ ትልቅ ትምህርት የሚገነቡ አሉ። መነሻው አንዳንዴ ያጠብቃል። ነገር ግን በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥3 ያው የእባቡ ታሪክ ሲነሳ፣ በዘፍጥረት ያለ መነሻ የተጻፈው ግስ ከነመነሻው ነው የመጣው።