የኔትወርክ ካርዳችሁ ስም እንዳይቀያየር፦ ከርነሉ የሚሰጠው፣ ዩዴቭ የሚቀይረው፣ እናንተ የምትወስኑት

ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው የሊኑክስ ሰርቨር አላችሁ እንበል። አንዱ ወደ ኢንተርኔት፣ ሌላው ወደ ቢሮው ውስጥ ይሄዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል፣ ሁለቱም ካርዶች ይሰራሉ፣ ስማቸው ግን ተለዋውጧል። ኢቲኤች0 የነበረው ኢቲኤች1 ሆኗል። ፋየርዎሉ ደግሞ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው፤ ለቢሮው ሰው የተፈቀደውን ሁሉ ለውጭ ከፍቶ ቁጭ ይላል። ይሄ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስሙን ማን እንደሚሰጠውና እኛ እንዴት እንደምንወስነው ከስሩ እንየው።

ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ እምብርት፣ ካርዶችን የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ኢፍኢንዴክስ ይባላል። ተርሚናል ላይ «አይፒ ሊንክ» ብላችሁ ስትጽፉ በየካርዱ መጀመሪያ የምታዩት 1፣ 2፣ 3 እሱ ነው። ስሙ ግን ሊቀየር የሚችል መጠሪያ ብቻ ነው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው የከርነሉ ክፍል፣ ካርዱን ሲያገኝ «ኢቲኤች በሚል የሚጀምር ስም ስጠኝ፣ ቁጥሩን አንተ ሙላው» ይላል፣ ከርነሉም ካልተያዙት ትንሹን ቁጥር ይሰጠዋል። በቃ። ካርዱ የት እንደተሰካ፣ ትናንት ምን ይባል እንደነበር ግድ አይሰጠውም። ቀድሞ የተገኘ 0 ይሆናል፣ ድራይቨሮች ጎን ለጎን ሲጫኑ ደግሞ ማን እንደሚቀድም ዋስትና የለም። ብዙ ሰው ይሄን የከርነሉ ጥፋት ያደርገዋል። እኔ አልስማማም። የትኛው ገመድ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ ከርነሉ ሊያውቅ አይችልም። ያ ውሳኔ የዩዘር ስፔስ፣ ማለትም ከከርነሉ ውጭ የሚሮጡት ፕሮግራሞች ነው።

በዩዘር ስፔስ በኩል ያለው ሰራተኛ ዩዴቭ ነው፣ ዛሬ ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው የሲስተምዲ አካል ሆኗል። ከርነሉ አዲስ ካርድ መምጣቱን ሲያሳውቅ ዩዴቭ ደንቦቹን ያይና ስሙን እንዲቀይርለት መልሶ ይጠይቀዋል። ድሮ የማክ አድራሻውን፣ ማለትም የካርዱን መለያ ቁጥር፣ በፋይል መዝግቦ ኢቲኤች0ን ያው ኢቲኤች0 ለማድረግ ይታገል ነበር። ግን ከርነሉም ዩዴቭም ከአንድ ዓይነት ስም ነበር የሚያድሉት። ዩዴቭ አንዱን ካርድ ኢቲኤች1 ሊለው ሲል ከርነሉ ያንኑ ስም ለሌላ ካርድ ሰጥቶት ያገኘዋል። ሲስተምዲ በ2013 በ197ኛ ስሪቱ አዲስ አሰያየም ያመጣው ለዚህ ነው፤ ስሙ ካርዱ ከተሰካበት ቦታ ይወጣል፣ ኢቲኤች የሚለውንም አይነካም።

እነዚያ ረጃጅም ስሞች ደግሞ ይነበባሉ። ብዙ ኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ የሚታየውን ኢኤንፒ0ኤስ31ኤፍ6 ውሰዱ። ኢኤን ማለት ኢተርኔት ነው፤ ዋይፋይ ቢሆን ኖሮ በደብሊውኤል ይጀምር ነበር። ፒ0 የፒሲአይ (ካርዶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት መስመር) ባስ ቁጥር 0፣ ኤስ31 ስሎት 31፣ ኤፍ6 ፈንክሽን 6 ነው። የፒሲአይ ካርዶችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስፒሲአይ» ስትሉ ይሄው ካርድ 00፡1ኤፍ.6 ተብሎ ይወጣል። ልዩነት የለውም፣ በሄክሳዴሲማል (በ16 ቤት አቆጣጠር) የተጻፈው 1ኤፍ በተለመደው ቁጥር 31 ነው። የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው «ዲሜሴጅ» ውስጥ ስትፈልጉ ደግሞ ይሄ ስም ከኢቲኤች0 የተቀየረ ነው የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ከርነሉ ለዩዴቭ ያስረከበበት ቅጽበት እሱ ነው።

ታዲያ ይሄ አይበቃም ወይ? አንድ ካርድ ብቻ ላለው ማሽን ይበቃል። ግን ሌላ የፒሲአይ ካርድ ወይም ኤንቪኤምኢ ዲስክ ስትጨምሩ የባስ ቁጥሩ ሊገፋ ይችላል፣ ኢኤንፒ3ኤስ0 የነበረውም ኢኤንፒ4ኤስ0 ሆኖ ይነሳል። ስለዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ካርድ ካላችሁ ስሙን ራሳችሁ ስጡት።

መጀመሪያ የካርዱን ቋሚ የማክ አድራሻ ያዙ፤ «ኢትቱል» ብላችሁ፣ ሰረዝና ትልቁን ፒ ጨምራችሁ፣ የካርዱን ስም ጻፉ። ከዚያ የማስተካከያ ፋይሎች በሚቀመጡበት በኢቲሲ ስር፣ ሲስተምዲ ውስጥ ባለው ኔትወርክ ፎልደር አዲስ ፋይል ክፈቱ፤ የፋይሉ ስም በ10 ሰረዝ ይጀምር፣ በነጥብ ሊንክ ይለቅ። ውስጡ ሁለት ክፍል ብቻ ይበቃል። «ማች» በሚለው ክፍል ስር «ፐርማነንት ማክ አድሬስ» ብላችሁ የእኩል ምልክትና አድራሻውን፣ «ሊንክ» በሚለው ስር «ኔም» ብላችሁ የእኩል ምልክትና የመረጣችሁትን ስም። እኔ ኢንተርኔት0 እና ቢሮ0 ዓይነት ስም እወዳለሁ፣ በላቲን ፊደል ተጽፈው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ችግር የሚፈታ ሰው ሳያስብ ይገባዋል። ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ፣ ክፍት ቦታም ሆነ እዝባር እንዳይኖረው። ኢቲኤች ወይም ዊላን (ከርነሉ ለዋይፋይ የሚሰጠው ስም) ብላችሁ ግን በፍጹም አትጀምሩ፤ ከከርነሉ ጋር ወደዚያው የድሮ ግብግብ ትመለሳላችሁ።

10 የሚለው ቁጥር ለጌጥ አይደለም። ፋይሎቹ የሚታዩት በቅደም ተከተል ነው፣ ስራ ላይ የሚውለውም መጀመሪያ የገጠመው አንዱ ብቻ ነው። ከሲስተምዲ ጋር የሚመጣው ፋይል በ99 ስለሚጀምር የእናንተ ይቀድመዋል፣ ግን ያ ፋይል የሚያደርጋቸው ሌሎች ነገሮችም ለዚያ ካርድ ይቀራሉ ማለት ነው። ሌላው ጥንቃቄ፣ «ፐርማነንት» የሚለውን አትዝለሉት። ቪላንና ብሪጅ፣ ማለትም በእውነተኛ ካርድ ላይ በሶፍትዌር የሚፈጠሩ ካርዶች፣ የእናት ካርዳቸውን ማክ ስለሚወርሱ ዝም ብላችሁ «ማክ አድሬስ» ካላችሁ ዩዴቭ ለእነሱም ያንኑ ስም ሊሰጥ ይሞክራል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዩዴቭ ዋናው ዲስክ ሳይከፈት በፊት ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥም፣ ማለትም ለመነሻ በሚጫነው ትንሽ ሲስተም ውስጥ፣ ይሮጣል፣ ስለዚህ ስሙ ፋይላችሁ ከመታየቱ በፊት ሊሰጥ ይችላል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ» በሰረዝ ዩ፣ ፌዶራ ላይ «ድራከት» በሰረዝ ኤፍ ብላችሁ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ስሩት።

ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የድሮው ስም የተጻፈበትን ሁሉ በ«ግሬፕ» ኢቲሲ ውስጥ ፈልጉ። ኔትፕላን፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ፋየርዎል፣ ሁሉንም። ለፋየርዎል ኤንኤፍቴብልስን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ፓኬቱ የገባበትን ካርድ የሚያመለክቱት «አይአይኤፍ» እና «አይአይኤፍኔም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ደንቡ ሲጫን ስሙን ወደ ኢፍኢንዴክስ ይለውጠውና ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ብቻ ያያል፣ ካርዱ በዚያ ሰዓት ከሌለ ደንቡ ጭራሽ አይጫንም። ሁለተኛው ፓኬት በመጣ ቁጥር ስሙን ያነጻጽራል። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ለሚነቀልና ለሚሰካ ካርድ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ስሙን በስክሪፕት፣ ማለትም በ«አይፒ ሊንክ ሴት»፣ መቀየር ይቻላል፣ እኔ ግን ለሙከራ ካልሆነ አልመክረውም። ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፣ ብዙ ከርነሎች ላይ ካርዱን መጀመሪያ ማውረድ ይጠይቃል፣ በድሮው ስም የተነሱ ሰርቪሶችም ግራ ይጋባሉ። ዋናውን ስም ሳትነኩ ተጨማሪ ስም መስጠት ከፈለጋችሁ ከከርነል 5.5 ጀምሮ «ኦልትኔም» አለ፣ እስከ 127 ፊደል ይችላል።

አዲሱን አሰያየም የሚያጠፋውን «ኔት ነጥብ ኢፍኔምስ እኩል 0» ማሽኑ ሲነሳ ለከርነሉ በሚሰጠው የትእዛዝ መስመር ላይ ጨምሩና ተገላገሉ የሚል ምክርም ይሰጣል። አንድ ካርድ ላለው ቨርችዋል ማሽን ይሁን። ሁለት ካርድ ላለው ግን መጀመሪያ ወደተነሳንበት ችግር ነው የሚመልሳችሁ።

ማሽኑ ሩቅ ከሆነ ኮንሶል (ያለ ኔትወርኩ ማሽኑን የምታዩበት መንገድ) ወይም አጠገቡ ያለ ሰው ሳታዘጋጁ ሪስታርት አታድርጉ። ሲነሳ ሲስ ውስጥ፣ ክላስ፣ ኔት ብላችሁ የካርዱን ፎልደር ክፈቱና «ኔም አሳይን ታይፕ» የሚለውን ፋይል አንብቡ፤ ሦስቱ ቃላት በታች ሰረዝ የተያያዙ ናቸው። 4 ካለ ስሙ በዩዘር ስፔስ ተቀይሯል። 1 ካለ አሁንም ከርነሉ የሰጠው ነው፣ ወደ ሊንክ ፋይሉ ተመልሳችሁ የማክ አድራሻውን ፊደል በፊደል አስተያዩ።