«ዛሬ ስንት ካሎሪ ቀረኝ?» የስፖርት አፕ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ገና ከአልጋ አልወረድኩም። እንቅስቃሴዬን የሚከታተለውን የእጅ ሰዓቴን ሳየው «480 ካሎሪ አቃጥለዋል» ይለኛል። የሠራሁት ሥራ ቢኖር መገላበጥ ብቻ ነው። ምግብ የምመዘግብበት አፕ ደግሞ «የዛሬ ግብ 1,479» ብሎ ይጠብቀኛል። አመሻሽ ላይ ይኸው ግብ 1,700 ሆኖ አገኘዋለሁ። ልተኛ ስል ደግሞ 1,620።

መጀመሪያ አፑ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩት። ያው ነው። አፑ ደህና ነበር፤ ንባቡ ያልገባኝ እኔ ነኝ።

ጠቅላላውንና የእንቅስቃሴውን ካሎሪ ማምታታት

ሰውነት ተኝተንም ሥራ አይፈታም። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል። በዚህ የሚቃጠለው የዕረፍት ካሎሪ ይባላል፤ ለብዙዎቻችን የቀኑን ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው።

አፖች ይህን የሚገምቱት በቀመር ነው። በብዛት የሚሠራበት የሚፍሊን እና ሴንት ጆር ቀመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የወጣ ነው። ክብደትዎን በኪሎ በ10 ያባዙ፤ ቁመትዎን በሴንቲሜትር በ6.25 አባዝተው ይደምሩበት። ከድምሩ ላይ ዕድሜዎን በ5 አባዝተው ይቀንሱ። ወንድ ከሆኑ 5 ይጨምሩ፤ ሴት ከሆኑ 161 ይቀንሱ። እኔ 75 ኪሎ፣ 175 ሴንቲሜትር፣ 40 ዓመት ነኝ፤ 1,649 ይመጣል። ለ24 ሲካፈል በሰዓት 69 ገደማ ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ሰባት ሰዓት አለ። የአልጋዋ 480 ከዚህ የመጣች ናት።

ፊትቢት የሚባለው የእጅ ሰዓት የሚያሳየው የቀን ቁጥር ይህን የዕረፍት ካሎሪ ይጨምራል። የአፕል ዎች የሙቭ ቀለበት (የቀኑን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ክብ) ግን የእንቅስቃሴውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ውለው፣ አብረው ተራምደው፣ ማታ አንዱ 2,300 ሌላው 450 ቢያይ የሚገርም አይደለም። እኔና ጓደኛዬ ግን በዚህ ጉዳይ ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል።

የሚበሉትንና የሚያቃጥሉትን ግብ አንድ ማድረግ

ሁለቱም «የካሎሪ ግብ» ነው የሚባሉት፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሰዓቱ ግብ እንዲያልፉት የሚፈልጉት ነው። የምግቡ ግብ እንዳያልፉት የሚጠነቀቁለት ነው። ቁጥር አይተው ደስ ከመሰኘትዎ ወይም ከመናደድዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይዩ።

የተቀነሰውን ደግሞ መቀነስ

ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ ብለው ሲመዘገቡ አፑ የሚሰጥዎ ግብ ላይ ቅናሹ አስቀድሞ አለ። የእኔን እንይ። 1,649 ብዙ ለማይንቀሳቀስ ሰው በ1.2 ይባዛል፤ 1,979 ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ልቀንስ ስላልኩ 500 ተነሳለት፤ 1,479 ሆነ። ሥራው አልቋል። እኔ ግን «በቀን 500 መቀነስ አለብህ» የሚል ምክር የሆነ ቦታ አንብቤ ስለነበር ከ1,479 ላይ ሌላ 500 አነሳሁ። 979! በሦስተኛው ቀን ከሰው ጋር መነጋገር አቃተኝ፤ ሁሉም ያናድደኛል።

አንዱን ስፖርት ሁለቴ መቁጠር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አፑ ሲጀምሩ «ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ ላይ በኩራት «መካከለኛ» ብዬ ነበር። ይህን ሲመርጡ ማባዣው ከ1.2 ወደ 1.55 ይወጣል፤ 1,979 የነበረው 2,556 ይሆናል። ማለትም የሳምንቱ ስፖርት ከነጭራሹ ገብቶ ተቆጥሯል። ከዚያ ሮጬ መጥቼ 310 ካሎሪ ብዬ መዘገብኩ። አፑ «ቀሪ» የሚለውን የሚያወጣው ከግቡ ላይ ምግቡን ቀንሶ ስፖርቱን ደምሮ ስለሆነ፣ ያው ሩጫ ለሁለተኛ ጊዜ ምግብ ሆኖ ተመለሰልኝ። ይሄን ሳውቅ «ብዙ አልንቀሳቀስም» የሚለውን መርጬ ስፖርቱን ለብቻው መመዝገብ ጀመርኩ። በተቃራኒው ከፍ ያለውን መርጦ ስፖርቱን ጭራሽ አለመመዝገብም ይቻላል። ሁለቱን መደባለቅ ነው የማይሆነው።

ሰዓትና ስልክ ሁለቱም ከአፑ ጋር ሲገናኙም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። የስፖርት ዝርዝሩን ይክፈቱ። በተመሳሳይ ሰዓት የተጀመሩ ሁለት «ሩጫ» ካሉ አንዱን ያጥፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሮጥኩት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ የሰጠኝ 310 ጠቅላላ ካሎሪ ከሆነ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ሶፋ ላይ ብቀመጥም የማቃጥላት 35 ገደማ ውስጡ አለች። የሩጫው ትርፍ 275 ገደማ ነው።

የቀን አጋማሽን ቁጥር እንደ መጨረሻ ማየት

አንዳንድ አፖች ከሰዓትዎ መረጃ ተነስተው ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅ ይገምታሉ። ጠዋት ብዙ ከተራመዱ «ዛሬ ብዙ ያቃጥላል» ብለው ግቡን ከፍ ያደርጉታል። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ከዋሉ ግምቱ ይወርዳል፣ የተሰጠዎትም ይነጠቃል። የእኔ 1,700 ወደ 1,620 የወረደው እንዲሁ ነው። ሲንክ (የሰዓቱ መረጃ ወደ አፑ መተላለፉ) የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል። ጠዋት በተጨመረልዎ ላይ ተማምነው የራት ዕቅድ አያውጡ።

ኪሎጁልን ካሎሪ ነው ብሎ መደንገጥ

ግብዎ ድንገት 8,368 ከሆነ አይደንግጡ። መለኪያው ተቀይሮ ነው። አንዱ ካሎሪ 4.184 ኪሎጁል ነው፤ ያ ቁጥር 2,000 ካሎሪ ማለት ነው። ሴቲንግ ገብተው ይመልሱት።

የሰዓቱን ቁጥር እንደ ሚዛን ማመን

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። የልብ ምቱን አብዛኞቹ ደህና አድርገው ለኩ። ካሎሪው ላይ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል፤ የባሰው 93 በመቶ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ግን አሁንም ካሎሪን በቀጥታ የሚለካ ሰዓት የለም። ከልብ ምትና ከእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚገምተው። ስለዚህ «400 አቃጠልኩ» ብዬ 400 አልበላም፤ ግማሹን ብቻ ነው የምቆጥረው። ይህ የራሴ ልማድ ነው።

ፕሮፋይሉን መርሳት

ቀመሩ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። 10 ኪሎ ቀንሰው አፑ ላይ ካላስተካከሉ፣ የዕረፍት ካሎሪዎን በቀን 100 አብልጦ ይቆጥራል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ግቡ ሁልጊዜ ከእኔ በጣም እያነሰ ግራ ይገባው ነበር፤ ቁመታችንም ክብደታችንም ያው ነው። አንድ ቀን ስልኩን ተቀብዬ ፕሮፋይሉን ከፈትኩት። ጾታ፦ ሴት። ሲመዘገብ ተቻኩሎ ነክቶት አልፏል። ሲያስተካክለው ግቡ በ200 ካሎሪ ገደማ ዘለለ። አራት ወር ሙሉ በከንቱ ሲራብ ከርሟል።