ሲጀመር ማኪያቶ፣ ሲያልቅ እራት፦ ረጅም የቴኒስ ጨዋታን ከሀዋሳ ሆኖ ማየት

እግር ኳስ የሚያይ ሰው መቼ ቤቱ እንደሚገባ ያውቀዋል። 90 ደቂቃ፣ ቢበዛ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያ ባጃጅ። ቴኒስ ግን ሰዓት የለውም። አንዱ እስኪያሸንፍ ይጫወታሉ፣ በቃ። አንዳንዱ ግጥሚያ በሰዓት ተኩል ያልቃል፣ አንዳንዱ ስድስት ሰዓት ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ስትቀመጡ የትኛው እንደሚደርሳችሁ የሚነግራችሁ የለም። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ለደረሰበት ሰው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ቴኒስ የሚያይ ሰው የለም። ካለም አልቀናበትም። ዋናው ጉዳይ መቼ ዓይንን ማሳረፍ፣ መቼ ደግሞ ስልክን ደፍቶ ማየት እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። ሌላው ሁሉ የምግብና የመብራት ጉዳይ ነው።

አቆጣጠሩን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ነጥቦቹ 15፣ 30፣ 40 እያሉ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያገባ ጌሙን ይወስዳል። ሁለቱም 40 ከደረሱ ዲውስ ነው፣ በተከታታይ ሁለት ነጥብ ያገኘ ይወስደዋል። በሁለት ልዩነት 6 ጌም የያዘ ዙሩን ያሸንፋል፣ 6 ለ 6 ከሆኑ ታይ ብሬክ ማለትም ዙሩን የሚወስን አንድ የመጨረሻ ጌም ይገባሉ። በአራቱ ትልልቅ ውድድሮች ማለትም በአውስትራሊያን ኦፕን፣ በሮላንድ ጋሮስ፣ በዊምብልደንና በዩኤስ ኦፕን ወንዶቹ ከአምስት ዙር ሦስት ማሸነፍ አለባቸው። ሴቶቹ ከሦስት ሁለት። ጉዱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ አምስት ዙር ነው። ለምን በ15 እንደሚጀምር አትጠይቁኝ፣ እሱን ስንከራከር ሁለት ጌም ያመልጠናል።

አሁን ሰዓቱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የአውስትራሊያው ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት ሰሞን ጋር ይገጥማል፣ እዚያ ማታ የሚጀምረው ጨዋታ ለእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ለሀዋሳ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በ2012 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጆኮቪችና ናዳል ለፍጻሜ 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ተጫውተው ሜልበርን ላይ ከሌሊቱ 7፡37 ሲጨርሱ፣ ሽልማቱ ላይ መቆም አቅቷቸው ወንበር ሲመጣላቸው፣ እኛ ጋ ገና 12 ሰዓት አልሞላም ነበር። የፓሪሱ ማለትም የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ለእኛ 10 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። የዊምብልደን ዋናው ሜዳ ከቀኑ 9 ተኩል ይከፈታል፣ እዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ መጫወት ስለማይፈቀድ እናንተ ቢበዛ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ብትቀመጡ ነው፣ ያላለቀው ለነገ ያድራል። የኒውዮርኩ ዩኤስ ኦፕን ግን አይማርም። የማታው ጨዋታ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል። በ2022 አልካራዝና ሲነር ሩብ ፍጻሜውን እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ጨረሱት። በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ሥራ ተገብቷል። እንዲህ ዓይነቱን ማደር ለሚችል ሰው ትቻለሁ። እኔ ብሆን እተኛና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውጤቱን አያለሁ፣ አምስተኛው ዙር ላይ ከሆኑ ቁርስ እየበላሁ እደርስበታለሁ።

ቤት ዲኤስቲቪ ካለ ጨዋታው ግማሽ አለቀ። ከሌለ ደግሞ ካፌ ወይ ኳስ የሚያሳይ ቤት ነው የሚኬደው፣ እዚህ ላይ ዘዴ ያስፈልጋል። ፒያሳም ሂዱ መናኸሪያ አካባቢ፣ ሪሞቱ የኳስ ነው። ስለዚህ ኳስ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። የፓሪሱ ፍጻሜ ሲደርስ የአውሮፓ ሊጎች ስላለቁ ቤቱ ባዶ ነው፣ ባለቤቱም ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። የዓለም ዋንጫ ወይም የአውሮፓ ዋንጫ ባለበት ዓመት ግን የዊምብልደንን ፍጻሜ እርሱት። በ2018ም በ2024ም ሁለቱ ፍጻሜዎች በአንድ እሁድ ነበር የዋሉት። ባለቤቱን አስቀድማችሁ አናግሩት፣ ጠረጴዛው ከሞላ በኋላ «ጋሼ፣ ቴኒስ ክፈትልን» ማለት ጠብ መጫር ነው። ኳስ በጨዋታ ስለሚያስከፍሉ «ይሄ ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አትዋሹት። «አይታወቅም፣ ግን እያዘዝን ነው የምናየው» በሉት።

ማዘዙም ሥርዓት አለው። በየዙሩ አንድ ነገር እዘዙ፣ ሼም አይይዛችሁም። መጀመሪያ ማኪያቶ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ስፕሪስ፣ ሦስተኛው ላይ የሚበላ። ሁሉንም መጀመሪያ ላይ አዝዞ ከዚያ ባዶ ብርጭቆ ታቅፎ አራት ሰዓት መቀመጥ ግን ያሳፍራል፣ አስተናጋጇም ጠረጴዛውን ደጋግማ መወልወል ትጀምራለች። ጨርቁ ክርናችሁ ሥር ሲደርስ ነገሩ ገብቷችሁ አንድ ውኃ እዘዙ። ዊምብልደን ከሰኔ ጾም ጋር ስለሚገጥም የጾመኛ ጠረጴዛ በያይነቱና ሽሮ ነው፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ትቻለሁ። የአውስትራሊያው ጨዋታ ከሆነ ግን ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ የዓሣ ሾርባ ጠጥቶ፣ አባ ኮዳዎቹን አይቶ 5 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ይቻላል። ከባድ ምግብ አትብሉ። ጥብስ በልቶ ሁለተኛውን ዙር ያየ ሰው አላውቅም።

ወደ ጨዋታው እንግባ። ሰርቭ የሚያደርገው ማለትም ኳሷን መትቶ ነጥቡን የሚያስጀምረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጌሙን ይወስዳል። ስለዚህ 40 ለ 0 ሲሆን ስልካችሁን እዩ፣ አውሩ፣ ቡናችሁን ጠጡ። 0 ለ 30 ወይም 30 እኩል ሲሆን ግን ቀና በሉ። ሰርቭ የሚያደርገው ሰው ላብ የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ሁለት ነጥብ ከተበላ ጌሙ ሄደበት፣ ይህን ነው ብሬክ የሚሉት። አንድ ብሬክ ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ነው። በተለይ 4 እኩል እና 5 እኩል ከደረሱ በኋላ ከመቀመጫችሁ አትነሱ።

መነሳት ካለባችሁ መቼ? የጌሞቹ ድምር 3፣ 5፣ 7፣ 9 ሲሆን። ለምሳሌ 2 ለ 1፣ ወይም 4 ለ 3። ያኔ ሜዳ ይቀያየራሉ፣ 90 ሰከንድ ያርፋሉ። ዙር ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ደቂቃ። መጸዳጃ ቤት፣ ስልክ መደወል፣ ሂሳብ መክፈል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ጌም ካለቀ በኋላ ግን ሜዳ ይቀይራሉ እንጂ አይቀመጡም፣ እሷ እንዳታሳስታችሁ።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ኳሷን ተዉና ሰዎቹን እዩ። ለእኔ ረጅም ጨዋታ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። በነጥብና በነጥብ መካከል 25 ሰከንድ አላቸው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አይጠቀሙበትም፣ አሁን ግን ፎጣ ሊያመጡ ወደ ጥግ ይሄዳሉ፣ ቀስ ብለው ይመለሳሉ፣ ኳሷን ያነጥሯታል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው ሰርቭ የሚያደርጉት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያጎነበሰውን እዩ። ድንገት ከመረቡ ሥር ጠብ የምትል አጭር ኳስ መደጋገም የጀመረውን እዩ፣ ያ ሰው መሮጥ ስላልፈለገ ነጥቡን ቶሎ መጨረስ ነው የያዘው። ሰርቭ ሲያደርግ ጉልበቱን ማጠፍ ከተወ ኳሷ መረብ ላይ መቅረት ትጀምራለች። ጡንቻው ከተኮማተረበት ደግሞ ወዮለት፣ ለእሱ ተብሎ ጨዋታ አይቆምለትም፣ ሜዳ ሲቀያየሩ ወይም ዙር ሲያልቅ ብቻ ነው የሚታሸው። ቴኒስ እንደ ቡና አይደለም። ቡና አቦሉ ነው ወፍራሙ፣ ይሄ በረካው ላይ ነው የሚወፍረው።

ለዚህ ነው አንዱ ሁለት ዙር መራ ተብሎ ሂሳብ የማይከፈለው። በ2025 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ሲነር ሁለቱን ዙር ወሰደ። አልካራዝ ሦስተኛውን መለሰ። አራተኛው ላይ ሲነር 5 ለ 3 እየመራ በአልካራዝ ሰርቭ 0 ለ 40 ሆነ። ዋንጫው ሊነሳ አንዲት ነጥብ ቀርታለች፣ ያውም ሦስት ዕድል አለው። ሦስቱንም አጣቸው። ከዚያ አልካራዝ ጌሙን ወሰደ፣ ዙሩን ወሰደ፣ በአምስተኛው ዙር ታይ ብሬክ ደግሞ 10 ለ 2 አድርጎ ጨረሰው። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፣ በሮላንድ ጋሮስ ታሪክ ረጅሙ ፍጻሜ። ዕለቱ ጰራቅሊጦስ ነበር፣ በማግሥቱ የሰኔ ጾም ይገባል። 0 ለ 40ን አይቶ «አለቀ» ብሎ ለመጨረሻው ጥብስ የተነሳ ሰው ካለ አዝንለታለሁ።

ደግነቱ አሁን መጨረሻ አለው። ከ2022 ጀምሮ በአራቱም ውድድሮች አምስተኛው ዙር 6 እኩል ከሆነ እስከ 10 የሚሄድ ታይ ብሬክ ይገባሉ። ስለዚህ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ቢከፋ ስድስት ብላችሁ አስቡ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከዩኤስ ኦፕን በቀር ሁለት ጌም በልጦ እስኪወጣ ድረስ ነበር፣ ጣሪያ የለውም። በ2010 ዊምብልደን ላይ አሜሪካዊው ጆን ኢስነርና ፈረንሳዊው ኒኮላ ማዩ በመጀመሪያ ግጥሚያቸው ተገናኝተው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ተጫወቱ። አምስተኛው ዙር 70 ለ 68 አለቀ። ያ ዙር ብቻውን 8 ሰዓት ከ11 ደቂቃ፣ ሁሉም ሲደመር 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። የውጤት ሰሌዳው 47 ለ 47 ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። በ183 ጌም ውስጥ ብሬክ የተደረገው 3 ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ 40 ለ 0 ሲሆን ስልክ እዩ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ረቡዕ ማታ 59 እኩል ሆነው ሲመሽባቸው ደግሞ ጋና ከጀርመን ጋር በዓለም ዋንጫ ትጫወት ነበር። ያን ሰዓት ሪሞት የሚሰጣችሁ ቤት ይኖር ነበር? እንጃ።

ከዚያም በኋላ ሕጉ ቶሎ አልተቀየረም። በ2018 ያው ኢስነር ከደቡብ አፍሪካው ኬቨን አንደርሰን ጋር ግማሽ ፍጻሜ ላይ 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ተጫውቶ አምስተኛውን 26 ለ 24 ተሸነፈ። ዊምብልደን በማግሥቱ ዓመት 12 እኩል ላይ ታይ ብሬክ አስገባ።

ስለ መብራት ደግሞ የግድ ነው። መብራት የሚጠፋው 5 እኩል ላይ ነው፣ ሕግ ይመስል። ስልካችሁን መጀመሪያ ላይ ቻርጅ አድርጉ፣ ፓወር ባንክም ካለ ያዙ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ቪዲዮ እያያችሁ ፓኬጃችሁን አትጨርሱ። ጄኔሬተር ያለው ቤት ይሻላል፣ ከሌለው ግን ውጤቱን በስልክ በነጥብ በነጥብ መከታተል ይቻላል። እንዲያውም አንዳንዴ ከምስሉ ይልቅ ያስጨንቃል፣ ቁጥሩ 30 እኩል ላይ ቆሞ ሲቀር ኔትወርኩ ይሁን ሰውዬው ኳስ እያነጠረ አታውቁትም። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ የምታዩ ከሆነ ከመሸ በኋላ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ የሀዋሳ ትንኝ አምስተኛውን ዙር አይጠብቅም። ሌሊት የሚያስመሽ ከሆነም የምታውቁትን ባለባጃጅ ቀድማችሁ አናግሩት፣ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» ሲል «እደውልልሃለሁ» ነው መልሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ዓይነቱን ግጥሚያ ያሸነፈው ሰው ቀጣይ ጨዋታው ላይ ማን እንደገጠመው እዩ። ኢስነር ከ70 ለ 68 በማግሥቱ ቲሞ ደ ባከር ከሚባል ሆላንዳዊ ጋር ወጥቶ 6 ለ 0፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 ተሸነፈ። ከማዩ ጋር 113 ኤስ (ተቀባዩ ሳይነካው ነጥብ የሚሆን ሰርቭ) የመታው ሰው ያን ቀን አንድም አልመታም። 74 ደቂቃ ነው የፈጀው። ለሱ አንድ ማኪያቶ ይበቃል፣ ባለባጃጁንም ቆመህ ጠብቀኝ ማለት ትችላላችሁ።