ይህ ትእዛዝ ዛሬም ይመለከተኛልን? የኦሪትን ሕግ ክርስቲያን እንዴት ያንብበው

«ክርስቲያን የእግዚአብሔርን ሕግ የመጠበቅ ግዴታ አለበትን?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቅስ መወራወር ያመራል። አንዱ ጌታ «ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም» ያለበትን ማቴዎስ 5፥17ን ያነሣል፤ ሌላው «ከጸጋ በታች እንጂ ከሕግ በታች አይደላችሁም» የሚለውን ሮሜ 6፥14ን ይመልስለታል፤ ሁለቱም እውነተኛ ቃል ይዘው ሳይግባቡ ይለያያሉ። እኔ እንደማየው ችግሩ ያለው በጥያቄው ስፋት ላይ ነው። ሕግን በጅምላ «ጸንቷል» ወይም «ተሽሯል» ከማለት፣ አንዲትን ትእዛዝ ለይቶ ይዞ ለማን እንደ ተሰጠች፣ ምን ትሠራ እንደ ነበር፣ ክርስቶስና ሐዋርያት ምን እንዳደረጓትና ከእኛ ምን እንደምትሻ መመርመር ይሻላል። ከዚህ በታች የምገልጸው አካሄድ ይህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በምታነቡት ክፍል ውስጥ «ሕግ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለዩ። ቅዱስ ጳውሎስ ቃሉን በአንድ ትርጉም ብቻ አይጠቀምበትም። በገላትያ 3፥17 ለአብርሃም ከተሰጠው ተስፋ 430 ዓመት በኋላ ስለ መጣው የሲና ኪዳን ይናገራል፤ በሮሜ 7፥23 «በብልቶቼ ሌላ ሕግ» ሲል በሰው ውስጥ የሚሠራን ኃይል ማለቱ ነው፤ በገላትያ 6፥2 ደግሞ «የክርስቶስን ሕግ» ይጠራል። እንዲያውም በሮሜ 3፥21 በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የእግዚአብሔር ጽድቅ «ያለ ሕግ» ተገለጠ ካለ በኋላ፣ ያው ጽድቅ «በሕግና በነቢያት» የተመሰከረለት መሆኑን ይጨምራል። የመጀመሪያው ሕግ የመጽደቂያ መንገድ ተደርጎ የተወሰደው ሕግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሙሴ መጻሕፍት ናቸው። ይህን ያልለየ አንባቢ ሐዋርያው ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ይመስለዋል።

ቀጥሎ ትእዛዙን የምትጠብቁት ለምን እንደ ሆነ ለራሳችሁ በግልጽ መልሱ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ዘፀአት 20ን ስትከፍቱ የመጀመሪያው ቃል ትእዛዝ አይደለም፤ «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» የሚል ነው። ሕዝቡ ሲና የደረሰው ከወጣ በኋላ በሦስተኛው ወር ነው። ነጻ መውጣቱ ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ያው ትእዛዝ ሌላ ነገር ይሆናል። ለዚህ ከጳውሎስ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በገላትያ 2፥3 ግሪካዊው ቲቶ እንዲገረዝ አልተገደደም ይለናል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ጥያቄው «ያለ ግዝረት መዳን ይቻላልን?» የሚል ስለ ነበር፣ መገረዙ ወንጌልን መካድ ይሆን ነበር። በሐዋርያት ሥራ 16፥3 ግን ያው ጳውሎስ እናቱ አይሁዳዊት የነበረችውን ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ በዚያ አገር ከሚኖሩት አይሁድ የተነሣ እንጂ ይድን ዘንድ አልነበረም። ድርጊቱ አንድ ነው፤ በአንዱ ቦታ የተከለከለው በሌላው የተፈቀደው ዓላማው ስለ ተለየ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመመርመራችሁ በፊት «ይህን ባደርግ እጸድቅበታለሁ ብዬ ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎን» ከሆነ የቀረውን ምርመራ አቁማችሁ ወደ ገላትያ መልእክት ተመለሱ።

ሦስተኛው እርምጃ ትእዛዙ ለማንና ለምን ሥራ እንደ ተሰጠ መመልከት ነው። የአይሁድ መምህራን የኦሪትን ትእዛዛት 613 አድርገው ይቆጥራሉ፤ 248ቱ «አድርግ»፣ 365ቱ «አታድርግ» የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ መሠዊያን፣ ካህናትን፣ የተወሰነ ምድርንና የዳኝነት ሸንጎን የሚሹ ስለ ሆኑ፣ ሮማውያን ቤተ መቅደሱን በ70 ዓ.ም. ካፈረሱት ወዲህ አይሁድም ቢሆኑ ሊፈጽሟቸው አልቻሉም። ይሁን እንጂ የክርስቲያን መልስ በሕንጻው መፍረስ ላይ የቆመ አይደለም። የዕብራውያን መልእክት ክህነቱ ሲለወጥ ሕጉም ሊለወጥ ግድ ነው ይላል (7፥12)፤ መሥዋዕቱ የቀረውም ክርስቶስ ራሱን አንድ ጊዜ ስላቀረበ ነው (10፥10)። መቅደሱ ነገ ቢታነጽ እንኳ ክርስቲያን በግ ይዞ አይሄድም።

በገላትያ 3፥24 ሕግ ወደ ክርስቶስ የሚያመጣ «ሞግዚት» ተብሏል። በግሪኩ ቃሉ ፓይዳጎጎስ ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ጠባዩን የሚቆጣጠርና ሲያጠፋም የሚገሥጸው የቤት አገልጋይ ነበር። ልጁ ሲያድግ ከሞግዚቱ ሥልጣን ይወጣል፤ ሆኖም አትስረቅ ብሎ ያሳደገው ሞግዚት ስለ ተሰናበተ መስረቅ ይፈቀድለታል የሚል የለም። በእኔ አስተያየት «ከሕግ በታች አይደለንም» የሚለውን ቃል ለመረዳት ከዚህ ሥዕል የበለጠ የሚያግዝ የለም።

ከዚያም ክርስቶስና ሐዋርያት ያንን ትእዛዝ እንዴት እንደ ያዙት ፈልጉ። የመብል ሕግ በማርቆስ 7፥19 እና በጴጥሮስ ራእይ (ሐዋ. 10) ቀርቷል። ስለ ግዝረት በኢየሩሳሌም የተደረገው ጉባኤ (ሐዋ. 15) ከአሕዛብ ያመኑትን አላስገደደም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ ጻፈላቸው። በአንጻሩ መግደልና ማመንዘር በተራራው ስብከት ጠልቀው ወደ ቍጣና ወደ ምኞት ወረዱ። አንዳንዴ ሐዋርያት ትእዛዙን ጠብቀው ከአንድ ምድር ጋር ያያዘውን ክር ብቻ ይፈቱታል፤ ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥2–3 አባትና እናትን ስለ ማክበር ዘፀአትን ሲጠቅስ «እግዚአብሔር አምላክህ በሚሰጥህ» የሚለውን ሐረግ ትቶ «በምድር ላይ» ብቻ ይላል። ለከነዓን የተነገረው ተስፋ በኤፌሶን ላሉ አሕዛብ ልጆች ደረሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለማየት ሁለቱን ጥቅሶች ጎን ለጎን ጽፎ ማስተያየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ሕጉን የግብረ ገብ፣ የአምልኮ ሥርዓትና የዳኝነት ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ክፍፍሉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኵዊናስ በስፋት አብራርቶታል፤ በ1646 በእንግሊዝ የተዘጋጀው የፕሮቴስታንቶች የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም በ19ኛው ምዕራፉ ይከተለዋል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉ ራሱ እንዲህ አልተከፋፈለም። ዘሌዋውያን 19፥18 «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ይላል፤ ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ከሁለት ዓይነት የተሠራ ልብስ እንዳይለበስ ያዝዛል። ሁለቱን የሚለይ ምልክት በመካከላቸው አልተቀመጠም። ስለዚህ ክፍፍሉን የምርመራው ውጤት አድርጋችሁ እንጂ ምርመራውን የሚያስቀር መለያ አድርጋችሁ አትያዙት። በተለይ «የዳኝነት ሕግ ነው» ብሎ ማለፍ ብዙ ያስከስራል።

ለዚህም ዘዳግም 22፥8ን እንውሰድ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የዚያ ዘመን ጣሪያ ጠፍጣፋና ሰው የሚወጣበት ነበር፤ ረዓብ ሰላዮቹን በሰገነቷ ላይ በደረደረችው የተልባ እግር ሥር ሸሽጋቸው ነበር (ኢያሱ 2፥6)። ዛሬ ሰው በማይወጣበት ተዳፋት ጣሪያ ላይ መከታ መሥራት ትእዛዙን መጠበቅ አይሆንም፤ ለውጡን ያመጣው የቤቱ አሠራር ነው። ሥሩ ግን አልተለወጠም፦ በይዞታህ ውስጥ በቸልተኝነትህ ለሚጎዳ ሰው ተጠያቂ ነህ። ክፍት ትቶ የሄደው ጉድጓድ እንስሳ ስለ ገደለበት ሰው የሚናገረው ዘፀአት 21፥33 ይህንኑ ያረጋግጣል። መደገፊያ የሌለው ደረጃ ያለው፣ ወይም ፍሬኑ የደከመ መኪና ለሰው የሚያውስ ክርስቲያን በዚህ ቁጥር ፊት ቆሞ «አይመለከተኝም» ሊል የሚችል አይመስለኝም። ጳውሎስም የሚያበራየውን በሬ አፍ አትሰር ከሚለው ትእዛዝ (ዘዳ. 25፥4) ሠራተኛ ከሥራው ፍሬ ሊካፈል እንደሚገባው ያወጣው በዚህ መንገድ ነው (1 ቆሮ. 9፥9–10)። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ሥር ብላችሁ ያገኛችሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉና፣ ጽሑፉ ራሱ ወይም ሌላ የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ይደግፈው እንደ ሆነ ፈትሹ። የሚደግፈው ካጣችሁ የራሳችሁ ግምት ሊሆን ይችላል።

ሰንበት ግን በዚህ ሁሉ ምርመራም በቀላሉ የማይፈታ ነው። በአንድ በኩል ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ሲሆን መሠረቱም በዘፍጥረት 2፥3 ተጥሏል፤ በሌላ በኩል ቆላስይስ 2፥16–17 ሰንበትን ሊመጣ ካለው ነገር ጥላ ጋር ይቆጥረዋል። በዚህም ምክንያት ሰባተኛውን ቀን የሚጠብቁ፣ ዕረፍቱ ወደ እሑድ ተሸጋግሯል የሚሉ፣ ሁለቱንም የሚያከብሩ፣ እንዲሁም የትኛውም ቀን በሕግ አያስርም የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ። እኔ ወደ መጨረሻው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም ሮሜ 14፥5 እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ ስለሚል፣ በዚህ ጉዳይ ወንድሜን ከእምነት ውጭ የማደርግበት ሥልጣን የለኝም።

ከምርመራው ጋር ሁለት ወጥመዶችን ጠብቁ። አንዱ ብሉይን ጨርሶ መጣል ነው፤ በ144 ዓ.ም. ገደማ ከሮም ቤተ ክርስቲያን የተለየው ማርቅያን እንዲሁ አድርጎ፣ ከሉቃስ ወንጌልና ከጳውሎስ አሥር መልእክቶች በቀር ሌላ መጽሐፍ አላስቀረም፤ እነርሱንም ቈራርጦ ነው። ሁለተኛው ስውር ነው፦ የሚከብደንን ትእዛዝ «ሥርዓት ነው» ብለን፣ ሌላውን የሚከብደውን «የማይሻር ነው» እንላለን። ሮሜ 6፥14ን የሚጠቅስ ሰው 15ኛውን ቁጥርም ያንብብ፤ ከጸጋ በታች ስለ ሆንን ኃጢአትን እንሥራን? ብሎ ሐዋርያው ራሱ ይጠይቃል፤ ራሱም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል።

ለመለማመድ የምትጀምሩበትን ትእዛዝ ልጠቁም። አንድ ጊዜ ስለ ዘሌዋውያን 19 ለማስተማር ስዘጋጅ፣ ስለ ሁለት ዓይነት ክር ልብስ ብዙ ሰዓት አጠፋሁ። በ13ኛው ቁጥር ላይ የቀን ሠራተኛ ዋጋ እስከ ነገ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር የሚያዝዘውን በሁለት መስመር አልፌው ነበር፤ በዚያው ሳምንት አጥሬን የጠገነልኝን ሰው «ሰኞ ና» ብዬ መልሼዋለሁ። አካሄዱን በዚህ ቁጥር ላይ ሞክሩት። የተሰጠው በየዕለቱ ዋጋ ለሚኖር ሠራተኛ ነው፤ ዘዳግም 24፥15 ሠራተኛው ድሀ ስለ ሆነ ተስፋውን በዋጋው ላይ ጥሏል ብሎ ምክንያቱን ይነግረናል። በአዲስ ኪዳን ያዕቆብ 5፥4 የተያዘው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። መሥዋዕትም፣ ክህነትም፣ የአንድ ምድር ድንበርም በውስጡ የለም። ምርመራው አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ የሚቀረው ሰውዬውን ደውሎ መጥራት ነው።