ስሜን ተራሮችን በእግር፦ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ

መነሻው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ክረምት አይሆንም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉት ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ናቸው።

ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ከፍላችሁ ስካውት ትወስዳላችሁ። ጠመንጃ የያዘ የአገሬው ሰው ነው፤ ያለ እሱ አይኬድም። በቅሎና ነጂም እዚያው ይገኛል። አስጎብኚና ምግብ አብሳይ እንደ ኪሳችሁ። አማርኛ ለሚችል መንገደኛ ስካውቱ ራሱ ግማሽ አስጎብኚ ነው። ስንቅ ስትሸምቱ እሱንና በቅሎ ነጂውን ቁጠሩ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በከፍታው ነው። አዲስ አበቤ «እኔ ደገኛ ነኝ» ይላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የመንገዱ ማደሪያ ሰፈሮች ግን ከዚያ በላይ ናቸው፦ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 አካባቢ። ችግሩ፣ መኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ድረስ ይወስዳል። ጠዋት ጎንደር ቁርሱን በልቶ ማታ ጨነቅ የሚያድር ሰው ጭንቅላቱ ሲፈነዳ፣ ሆዱ ሲገላበጥ ሊያነጋ ይችላል። በነጋታው የቧሂትን ተራራ ልውጣ ቢል 4,430 ሜትር ነው፤ ጉልበተኛ መሆን እዚህ አያድንም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር፣ ሁለተኛውን ግጭ እደሩ። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ በሚባለው ከፍታ በኩል ጨነቅ ግቡ። እያወራችሁ መራመድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ውኃ በደንብ ጠጡ፣ አረቄው ለደባርቅ ይቆይ። ራስ ምታት ከጀመረ ከዚያ በላይ አትውጡ። የራስ ምታት ክኒን ውጦ መቀጠል የሚባለውን ዘዴ እኔ አልወደውም፤ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም። ሰውየው ማስታወክ ካበዛ፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ማረፍ አይበቃውም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች አውርዱት።

ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጋቢ ጥሩ ነው፤ ግን ከላይ የሚደረብ እንጂ የመኝታ ከረጢትን የሚተካ አይደለም። ከሥር ፍራሽ ከሌለ መሬቱ ሙቀታችሁን ይመጠዋል። የዝናብ ልብስ፣ ውኃና ቆሎ በጀርባችሁ ይሁን። በቅሎዋ በሌላ መንገድ ቀድማ ትሄዳለች፣ ዝናብ ቢመጣ ሻንጣችሁን አታገኙትም።

ለማብሰያ ቡታጋዝ ያዙ። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጦ እሳት ማንደድ ነውር ነው፤ ፓርኩ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2017 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶችን በሚጽፍበት መዝገብ ላይ የቆየ ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮን ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ። ዋልያ ለማየት ጨነቅ ላይ በማለዳ ተነሥታችሁ ገደሉን ቃኙ፤ ባይኖኩላር ካላችሁ ያኔ ነው የሚጠቅመው።

የመመለሻ መኪና ደባርቅ ሳላችሁ ቅጠሩ፣ ተራራው ላይ በስልክ ኔትወርክ አትተማመኑ። ራስ ደጀንን የሚያስብ ሰው ግን መኪናውን በቀናት ያዘግየው፤ ከጨነቅ ወዲያ ቁልቁል መሸሐ ወንዝ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት አለ።