ለጣና ጀልባ ምትክ የናፍጣ ሞተር እንዴት ይመረጣል?

ባህር ዳር ላይ «ሞተር ልቀይር ነው» ያለ ባለጀልባ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት?» የሚል ነው። አሮጌው 50 ከነበረ አዲሱ 90 ይሁን ይባላል። ብሩ ይወጣል፣ ሞተሩ ይገባል፣ ጀልባዋ ግን ዘጌ የምትደርሰው በዚያው ሰዓት ነው። የሚጨምረው የናፍጣው ወጪ ብቻ ነው።

እዚህ የማወራው ሞተራቸው በሆዳቸው ውስጥ ሆኖ፣ ውሃውን እየገፉ ቀስ ብለው ስለሚሄዱ የብረትና የእንጨት ጀልባዎች ነው። ከኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር ያላቸው ቀላል የፋይበር ጀልባዎች ስሌታቸው ሌላ ነው።

1. ጥፋቱ የሞተሩ መሆኑን አረጋግጡ

ፊልትሮው ተዘግቶ፣ ናፍጣው ውሃ ገብቶበት፣ ወይም ፕሮፔለሩ ላይ የመረብ ገመድና እምቦጭ አረም ተጠምጥሞ ሊሆን ይችላል። በጄሪካን የሚመጣ ናፍጣ ደግሞ ውሃ አያጣም። የበላው ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተን ቀለበትና የዘንግ ማረፊያ) ብቻ ከሆነ ማደስ ይረክሳል። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ግን ወደ ቀጣዩ እለፉ።

2. ጀልባዋን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ ገንዘቡም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ርዝመት፣ አንዱ ክብደት።

ርዝመት ስል አፍንጫዋን ጨምሮ አይደለም። ጀልባዋ ተጭና ቆማ፣ ውሃው ከፊት የሚነካት ቦታ እስከ ኋላ የሚለቃት ቦታ ድረስ ነው። የዚህን ቁጥር ስኩዌር ሩት ውሰዱና በ4.5 አባዙት። የምታገኙት ጀልባዋ በምክንያታዊ ወጪ ልትሄድበት የምትችለው ከፍተኛ ፍጥነት ነው፣ በሰዓት በኪሎ ሜትር። 9 ሜትር ከሆነች ስኩዌር ሩቱ 3 ነው፤ 3 በ4.5 ሲባዛ 13.5 ይመጣል። አለቀ። ከዚያ በላይ መጠየቅ ከንቱ ነው።

ምክንያቱ ማዕበል ነው። ውሃ እየገፋች የምትሄድ ጀልባ ከፊቷ የራሷን ማዕበል ታነሳለች። ፍጥነቷ ሲጨምር ማዕበሉ እየረዘመ ይሄድና ርዝመቱ ከሷ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ያኔ ኋላዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሳል፣ ራሷ ያነሳችውን ማዕበል ሽቅብ መውጣት ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ጉልበት ሁሉ ማዕበሉን ማሳደጊያ ነው። ከዚያ በታችም ቢሆን ፍጥነት ውድ ነው። ከ11 ወደ 13.5 ኪሎ ሜትር ለማደግ የሚጠየቀው ጉልበት ቢያንስ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። እኔ ብሆን በ11 እየሄድኩ ትርፉን ኪሴ እከት ነበር።

አሁን ክብደቱ። ባዶ ጀልባዋ 4 ቶን ብትሆን፣ 30 ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ሂሳብ ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ ናፍጣና ጓዝ ግማሽ ቶን። ጠቅላላው 6.5 ቶን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጀልባ በቶን 4 የፈረስ ጉልበት ከላይ ወዳገኘነው ፍጥነት ያደርሳታል፤ 26 ማለት ነው። ጣና ግን ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጀልባን ደጋግሞ ይመታል። ስለዚህ በቶን 5 ብለን እናስብ፤ ወደ 33 ይመጣል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው በባህር ጠረፍ ያሉ ባለጀልባዎች የማያስቡት፣ እኛ ግን ልንረሳው የማንችለው ሂሳብ ነው። ጣና ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚለካው ለባህር ወለል በቀረበ አየር ስለሆነ፣ እዚህ ስትደርሱ 18 በመቶ የሚሆነው የለም። ስለዚህ 33ን በ0.82 አካፍሉት፤ 40 ይመጣል። ለዚህች ጀልባ የሚበቃት እሱ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታውን በደንብ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ሙቀቱና የጥገና ጣጣው ይጨምራል። ለዚህ ክብደት ቱርቦ አልመክርም።

«ትርፍ ጉልበት ምን ይጎዳል?» ለሚል፦ የናፍጣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ያለ ሸክም መሥራት አይወድም። በደንብ ስለማይሞቅ ናፍጣውን አሟልቶ አያቃጥልም። ካርቦን ይሰበስባል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይት መብላት ይጀምራል። በዚህ መንገድ ያረጀ 90 ፈረስ፣ በልኩ ከሠራ 40 ፈረስ ቀድሞ ይታደሳል።

3. የተጻፈውን ጉልበት አትመኑ

የፒክአፕ ሞተር 90 ፈረስ የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። መኪና ዳገት ላይ ይጨነቃል፣ ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ጀልባ ግን ከባህር ዳር እስከ ጎርጎራ ዳገት ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ያለ እረፍት ስንት ይሰጣል? በስንት ዙር?» ብላችሁ ጠይቁት። ከ1,800 እስከ 2,400 ዙር ላይ የምትፈልጉትን የሚሰጥ ሞተር ፈልጉ።

4. የትኛው ዓይነት?

ምርጫዬን በግልጽ ልናገር፤ የትራክተር ሞተር። ማሴይ ፈርጉሰን ላይ የሚገጠመው ፐርኪንስ 4.236 ለምሳሌ 4 ሲሊንደር፣ 3.86 ሊትር ነው፤ በቀስታ ዙር ይሠራል፣ ለጀልባ ተብሎ የተሠራ ዓይነትም አለው። ወደ 80 ፈረስ ስለሆነ ለ6.5 ቶኗ ይበዛባታል፤ ለ12 ቶን ጀልባ ግን ልክ ነው። ለትንሿ ከዚያው ከፐርኪንስ ባለ 3 ሲሊንደሩን ፈልጉ። ትልቁ ጥቅም ጎጃም ውስጥ ትራክተር የሚፈታ መካኒክ መኖሩ ነው። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዓባይ በረሃ በኩል ጓርኒሲዮን (የሞተር መጋጠሚያ ማሸጊያ) እስኪመጣ ጀልባ አስሮ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና የመስኖ ሞተር ርካሽ ነው፣ በማኖቬላ (በእጅ መዘውር) ይነሳል። ለ2 ቶን ጭነት ጀልባ ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን ንዝረቱ ብየዳ ይፈታል።

የጄኔሬተር ሞተር ደግሞ ያታልላል። ንጹሕ ነው፣ ብዙም ያልሠራ ነው፣ ዋጋውም ደህና። ነገር ግን 50 ኸርዝ መብራት እንዲሰጥ ብዙውን ጊዜ 1,500 ዙር ላይ የታሰረ ነው። ገቨርነሩ (ዙሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ካልተቀየረ ነዳጅ ረግጣችሁ ፍጥነት መጨመር መቀነስ አትችሉም። መቀየሪያው መኖሩን ሳታውቁ አትግዙ።

በኮምፒውተር የሚሠራ ዘመናዊ ሞተር? ለኛ ገና ነው። ሐይቁ መሃል ሴንሰር ሲበላሽ ማን ይደርስላችኋል?

5. ካምቢዮና ፕሮፔለር

ሞተሩን ብቻ ገዝቶ «ካምቢዮውን በኋላ አየዋለሁ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። የማውቀው ሰው የመኪና ካምቢዮ ገጥሞ ነበር። ፕሮፔለር ጀልባዋን ሲገፋ ሻፍቱ በተራው ካምቢዮውን ወደ ፊት ይገፋል። የጀልባ ካምቢዮ ያንን ግፊት የሚሸከም ኩሽኔታ አለው፤ የመኪናው የለውም። የዚያ ሰውዬ ካምቢዮ ክረምቱን አልጨረሰም።

ሬሾው (ሞተሩ ስንት ዞሮ ፕሮፔለሩ አንዴ እንደሚዞር) ከ2 እስከ 2.5 ለ1 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ትልቅ ፕሮፔለር ቀስ ብሎ ሲዞር ከትንሽና ፈጣን ይሻላል። መጠኑን የሚወስነው ከጀልባዋ ሥር ያለው ቦታ ነው፤ በፕሮፔለሩ ጫፍና በጀልባዋ ሆድ መካከል ከፕሮፔለሩ ስፋት 15 በመቶ ያህል ክፍተት ተዉ። አሮጌውን ፕሮፔለር መልሳችሁ ልትጠቀሙ ከሆነ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚዞረው? አዲሱ ካምቢዮ በተቃራኒው ካዞረው ወደ ፊት ለመሄድ የኋላ ማርሽ ማስገባት ይመጣል፤ ይሄን ደግሞ ሁሉም ካምቢዮ አይችለውም።

6. ማቀዝቀዣ

የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ዝገቱ ይቀንስልናል። በሱ ፈንታ ጭቃና እምቦጭ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁ ላይ የታየው ይህ አረም የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፣ ጎማ ያለው የውሃ ፓምፕ ደርቆ ይሠራና ይቃጠላል። ስለዚህ የሐይቁን ውሃ ወደ ውስጥ ከሚስብ ይልቅ፣ የሞተሩን ውሃ ከጀልባዋ ሥር በተዘረጋ ቧንቧ አዙሮ የሚያቀዘቅዝ ዘዴ እመርጣለሁ። ያኔ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ውስጥ ውሃ ስለማያልፍ ደረቅና ትኩስ ይሆናል፤ ሰው እንዳያቃጥል በደንብ ሸፍኑት።

አንድ ትንሽ ነገር፦ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን ከሌለ ጤነኛ ሞተርም ያፈላል። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅጥቆ መሄድ አይሠራም።

7. ያገለገለ ከሆነ

ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሲቀዘቅዝ ልምጣ በሉ። በብርድ ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት) አንሷል ወይም ውሃ እየገባ ነው። የዘይት ክዳኑን ስትከፍቱ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው ሄዷል። ዘይቱ እንደ ወተት ከሆነ ተሰናበቱት።

የዘይት ቋቱንም ለኩ። የጀልባ ሞተር ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቋቱ ከመቀመጫው ብረት ጋር ከተጋጨ ወይም ዘይት መሳቢያው ከፊት ከሆነ ችግር ነው።

8. መግጠምና መሞከር

ክረምት የቱሪስት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ያኔ ግጠሙት። የሻፍቱን አሰላለፍ ግን የመጨረሻ የምታስተካክሉት ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና ነው፤ የብስ ላይ ያለች ጀልባ ቅርጿ ትንሽ ይለወጣል። በካምቢዮውና በሻፍቱ ፍላንጅ (መጋጠሚያ ሳህን) መካከል ያለውን ክፍተት በስፔሰር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ዙሪያውን ለኩ። ፍላንጁ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥ።

ከዚያ ሙሉ ጭነት ጫኑና ነዳጁን እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ሞተሩ አምራቹ የጻፈለትን ከፍተኛ ዙር መድረስ አለበት። ሳይደርስ ጥቁር ጭስ ካወጣ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚጓዝበትን ርቀት) በ1 ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል። ዙሩን አልፎ ከሄደ ተቃራኒውን አድርጉ። ጥቂት ሳምንት ከሠራ በኋላ የሞተሩ ጎሚኒ (የተቀመጠበት ጎማ) ስለሚረግብ አሰላለፉን እንደገና ለኩት፤ ብሎኖቹንም አጥብቁ።